የሰሜን ሸዋን ዜማ፣ ተረትና ምስል በክፍት ፈቃድ ለማካፈል፦ ከቀረጻ እስከ ስርጭት

በመንዝ ሱፍ እየፈተሉ የሚያንጎራጉሩ እናት ድምፅ በስልክ ከተቀዳ በኋላ የሚገጥመው ዕጣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ በቴሌግራም ለሁለትና ሦስት ዘመድ ይላካል፣ ጥቂት ቀን ይደመጣል፣ ስልኩ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል። የተሻለ ዕድል አግኝቶ ኢንተርኔት ላይ የተቀመጠውም ቢሆን «የማን ነው? ልጠቀምበት እችላለሁ?» ብሎ ለሚጠይቅ መምህር ወይም የሬዲዮ አዘጋጅ መልስ የሚሰጥ አንድ መስመር ስለማይገኝበት ሳይነካ ይቀራል። ያንን መስመር በትክክል ለመጻፍ ምን ምን አስቀድሞ መሟላት እንዳለበት ከዚህ በታች በቅደም ተከተል ቀርቧል።

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት አንድ ሥራ ጥበቃ የሚያገኘው ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ማስመዝገብ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ጥበቃውም በመደበኛው ለደራሲው ዕድሜ ሙሉና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት፣ ለፎቶግራፍ ደግሞ ለ25 ዓመት ይጸናል። ስለዚህ ፎቶውን ያነሣው ሰው ምንም ሳይናገር ኢንተርኔት ላይ ቢለቀው፣ «ሰው ይጠቀምበት» የሚል በጎ ሐሳብ በልቡ ቢኖርም እንኳ፣ ሕጉ ዝምታውን የሚተረጉመው እንደ ክልከላ ነው። ክፍት ፈቃድ ይህን ዝምታ የሚሰብር፣ ባለመብቱ ለማንም ሰው አስቀድሞ የሚሰጠው የጽሑፍ ቃል ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚሠራበት እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተው ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ያዘጋጃቸው ፈቃዶች ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ በ2002፣ ዛሬ የምንጠቀምበት 4.0 የተሰኘው ዕትም ደግሞ በ2013 ወጥቷል። ክፍያም ማመልከቻም የለበትም።

«ኮመንስ» (የጋራ ሀብት ማለት ነው) የሚለው ስም ለመንዝ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። የጓሳ ሣር የጋራ ነበር፤ የጋራ መሆኑ ግን ልቅ ነበር ማለት አይደለም። ለዓመታት ተዘግቶ ይከርም፣ ሲከፈትም ባለመብቱ በሥርዓት ያጭድ ነበር። ክፍት ፈቃድም እንዲሁ ደንብ ያለው የጋራ ሀብት ነው።

ፈቃድ ከመምረጥ በፊት ግን የሚቀድም ሥራ አለ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እርሱን ስለሆነ ረዘም አድርጌ አየዋለሁ። ማንም የሌለውን መብት ለሌላ ሊሰጥ አይችልም። ስልኩን የያዝኩት እኔ ብሆንም ዜማውን ያወረዱት እናት በአዋጁ የከዋኝነት መብት፣ ማለትም ሥራውን በድምፅ ወይም በድርጊት ያቀረበ ሰው መብት፣ አላቸው፤ ማሲንቆ መቺውም፣ ተረት ነጋሪውም እንደዚሁ ናቸው። ስለሆነም ፈቃዱ መጀመሪያ ከእነርሱ መገኘት አለበት፤ ያውም የሚሰጡት ነገር ምን እንደሆነ በሚገባቸው ቋንቋ ከተነገራቸው በኋላ ነው። የታተመ ቅጽ አቅርቦ ማስፈረም ብቻውን በቂ ሆኖ አይታየኝም። እኔ ቀረጻው እንዳለቀ መቅጃውን ሳልዘጋ በቃል እንዲህ ብዬ እጠይቃለሁ፦ «እትዬ፣ ዛሬ ያንጎራጎሩትን ቀድቻለሁ። ኢንተርኔት ላይ ሳስቀምጠው ደብረ ብርሃንም አዲስ አበባም ውጭ አገርም ያለ ሰው ሊሰማው፣ ሊገለብጠው፣ ከራሱ ሥራ ጋር ሊያዋህደው፣ ሊሸጠውም ይችላል። የእርስዎን ስም ግን መጥራት አለበት። አንዴ ከሰጠን በኋላ መልሰን መውሰድ አንችልም። ይስማማሉ? ስምዎ እንዲጠራስ ይፈልጋሉ ወይስ ይቅር?» መልሳቸው ከዜማው ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጣል፤ ለሕዝብ በሚለቀቀው ቅጂ ላይ ግን ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ስምምነቱ በወረቀት ይጻፍና ማንበብ ለማይችሉ ልጅ ወይም ጎረቤት ባለበት ተነቦላቸው ይፈርማሉ።

«ልጆቼን ላማክር» ካሉ መጠበቅ ነው። በተለይ የለቅሶ ሙሾ ሲሆን የሟች ቤተሰብ ሳይስማማ መልቀቅ አይገባም። ሕፃናት የሚታዩበት ምስል ከሆነ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል። በየደብሩ ያሉ የብራና መጻሕፍት ደራሲዎቻቸው ካለፉ ዘመናት ስላለፉ የቅጂ መብት ጥያቄ ባያስነሡም ባለቤትና ጠባቂ አላቸውና የደብሩን አስተዳዳሪና ሰበካ ጉባኤውን ሳያስፈቅዱ ማንሣት ተገቢ አይደለም።

ሌላው ጥንቃቄ ከበስተኋላ የሚሰማውና የሚታየው ነገር ነው። መሐል ሜዳ አካባቢ አንድ ሸማኔ በርኖስ ሲሠሩ ረፋዱን ሙሉ ቀርጬ ነበር፤ የመወርወሪያው ድምፅ፣ የእግራቸው አረጋገጥ፣ ጥቁሩ ሱፍ በጣታቸው መካከል ሲያልፍ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ወጥቶ ነበር። ቤት ገብቼ ሳዳምጠው ግን ከጎረቤት ሬዲዮ የአንድ ዘፋኝ ዘፈን ከዳር እስከ ዳር ይሰማል። ዘፈኑ የእኔም የሸማኔውም ስላልሆነ ቀረጻውን በክፍት ፈቃድ ልለቀው አልቻልኩም፤ ተመልሼ ሄጄ እንደገና ቀረጽኩ። ከዚያ ወዲህ መቅዳት ከመጀመሬ በፊት ለአንድ ደቂቃ ዝም ብዬ አዳምጣለሁ።

ፈቃዶቹ ስድስት ናቸው፤ የተገነቡት ግን ከአራት ሐሳቦች ነው። ሁሉም ስም መጥራትን ያስገድዳሉ፤ ይህ ብቻ ሲሆን ሲሲ ባይ (CC BY) ይባላል። ኤስኤ (SA) ሲጨመርበት ሥራውን ለውጦ ወይም አሻሽሎ የሚያሰራጭ ሰው አዲሱን ሥራም በዚያው ፈቃድ እንዲለቅ ይገደዳል። ኤንሲ (NC) ለንግድ መጠቀምን፣ ኤንዲ (ND) ደግሞ የተለወጠ ሥራን ማሰራጨትን ይከለክላሉ። ከስድስቱ ውጭ ያለው ሲሲ ዜሮ (CC0) ባለመብቱ በሥራው ላይ ያለውን የቅጂ መብት ሁሉ ሕጉ እስከፈቀደለት ድረስ የሚተውበት ስለሆነ ለቃላት ዝርዝርና ለመሰል መረጃዎች ይስማማል።

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚመርጠው ኤንሲን ነው፤ ሥጋቱም ይገባኛል። የእናቶቻችንን ዜማ ሌላው ሸጦ ሲከብርበት ማየት ያማል። ይሁን እንጂ ክልከላው የሚያርፈው በትልቅ ነጋዴ ላይ ብቻ አይደለም። ተረቶችን በትንሽ መጽሐፍ አትሞ የሚሸጥ የደብረ ብርሃን ማተሚያ ቤትም፣ በማስታወቂያ ገቢ የሚተዳደር የአካባቢ ሬዲዮም በዚያው ይታገዳሉ፤ የውክፔዲያ ምስልና ድምፅ የሚከማችበት ዊኪሚዲያ ኮመንስም ኤንሲ ወይም ኤንዲ ያለበትን ፋይል ስለማይቀበል ሥራው ውክፔዲያ ላይ የመታየት ዕድሉን ያጣል። ኤንዲ ደግሞ የመንዝ ተረት ወደ ኦሮምኛ ወይም ወደ አርጎብኛ ተተርጉሞ እንዳይሰራጭ ያግዳል፤ ዜማውንም ከተንቀሳቃሽ ምስል ጋር ማቀናጀት እንደ ለውጥ ስለሚቆጠር ለዘጋቢ ፊልም አይውልም። በእኔ አስተያየት ለባህላዊ ሥራዎች የሚሻለው ሲሲ ባይ ኤስኤ 4.0 ነው፤ ለንግድ የሚጠቀምበትን ሳይከለክል፣ ከሥራው አዲስ ነገር የሚያወጣውን ሰው ግን ያንኑ ለሁሉም እንዲከፍት ያስገድደዋልና። ምርጫውን ባለዜማዎቹ ከተስማሙበት በኋላ ብቻ ያጽኑት፤ ፈቃዱ አይሻርም። ሐሳብዎን ቢለውጡ ማሰራጨት ሊያቆሙ ይችላሉ፤ ቀድሞ ያገኘው ሰው ግን በፈቃዱ መጠቀሙን ይቀጥላል።

ሸማኔዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ጥያቄም አለ፦ «ፎቶውን ከፈቀድኩ ሙያዬን ሰጠሁ ማለት ነው?» አይደለም። ፈቃዱ የሚመለከተው ምስሉን ነው፤ በርኖስ የመሥራት ጥበብ በእርሱ አይተላለፍም። ሙያቸውን በዝርዝር የሚያሳይ ቀረጻ ግን ሌላው አይቶ እንዲማርበት ያደርጋል፤ ስለዚህ የማቅለሚያውን አሠራር በምስጢር መያዝ የሚፈልጉ ባለሙያ ካሉ ያንን ክፍል አለመቅረጽ ነው።

አሁን ወደ መስመሩ እንምጣ። አራት ነገሮች ይኖሩታል፤ የሥራው ርእስ፣ የባለሥራው ስም፣ ምንጩና ፈቃዱ። ለምሳሌ፦ «የሱፍ ፈታዮች እንጉርጉሮ፣ መንዝ። ዜማ፦ (የባለዜማዋ ስም)። ቀረጻ፦ (የቀራጩ ስም)። በሲሲ ባይ ኤስኤ 4.0 ፈቃድ የቀረበ።» ምንጩና ፈቃዱ በአገናኝ ይያያዛሉ፤ የፈቃዱን አገናኝ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ድረ ገጽ ላይ ያለው የፈቃድ መምረጫ ያወጣልዎታል። መግለጫው ውስጥ ወረዳውን፣ ቀበሌውን፣ የተቀረጸበትን ቀን በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ይጻፉ። ሞክሼ ፊደላትንም አይርሱ፤ «መሐል ሜዳ» ብለው ብቻ ከጻፉ «መሃል ሜዳ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ላያገኝዎት ስለሚችል ሁለቱንም ያስፍሩ።

ለፎቶና ለድምፅ ዊኪሚዲያ ኮመንስ ጥሩ ማረፊያ ነው። ኤምፒ4 (MP4) ቪዲዮ ስለማይቀበል አስቀድሞ ዌብኤም (WebM) ወደተባለው የፋይል ዓይነት መለወጥ ያስፈልጋል። ዩቲዩብ በሚጭኑበት ገጽ ላይ የሚያቀርበው ክፍት ምርጫ ሲሲ ባይ ብቻ ነው፤ ኤስኤ ከፈለጉ መደበኛውን ፈቃድ እንዳለ ትተው መስመሩን በመግለጫው ይጻፉ። በቴሌግራም ሲልኩ ፎቶውን በፋይል መልክ ካልላኩት ጥራቱ ይቀንሳል፤ መግለጫውም ሲተላለፍ ሊቆረጥ ስለሚችል መስመሩን በቪዲዮው መጨረሻ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ማሳየት ይበጃል። ያልተጨመቀውን ዋናውን ፋይል ቢያንስ በሁለት ቦታ ያስቀምጡ፤ አንዱንም ቅጂ ለባለዜማዋ ቤተሰብ በፍላሽ ይስጡ።

አንድ ሰው ስም ሳይጠራ ቢጠቀምበት በመጀመሪያ የተሟላውን መስመር ገልብጠው በአክብሮት ይላኩለት፤ ብዙዎች የሚያጠፉት ባለማወቅ ነው። በ4.0 ዕትም መሠረት ጥፋቱ ከታወቀ በ30 ቀን ውስጥ ያስተካከለ ሰው የመጠቀም መብቱ በራሱ ይመለስለታል። ስለዚህ መልእክቱን የላኩበትን ቀን ይመዝግቡ፣ ገጹንም እንደነበረ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ።