ኪሮሾቼ መጥፋት ያቆሙበት መላ

ዳንቴል የምትሠሩ ሰዎች፣ ኪሮሽ፣ ያ ክር የምንስብበት ባለ መንጠቆ ዘንግ፣ ሲጠፋ እንዴት እንደሚያናድድ ታውቁታላችሁ። ደብረ ማርቆስ ቤቴ ውስጥ ኪሮሾቼ ሁሉ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከመቀስ፣ ከመርፌና ከክር ቁርጥራጭ ጋር ተደባልቀው ነበር የሚቀመጡት። 1.25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላትን ቀጭን ኪሮሽ ለማግኘት ሁሉንም ምንጣፍ ላይ መዘርገፍ ነው። ባለፈው ክረምት ደግሞ የብረቶቹ አንገት ዛገና ነጭ ክሬን አበላሸብኝ። ያኔ በቃኝ አልኩ።

መጀመሪያ ዝገቱን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብዬ አሸሁት። የስፌት መኪና ዘይት ቀባሁና መልሼ በደንብ ወለወልኩ። ዘይቱ ከቀረ ክሩን ያቆሽሻል፣ ይሄን እንዳትረሱ!

ከዚያ መያዣ ሰፋሁ። በአቡጀዲ ሞክሬ ነበር፤ ቀጫጭኖቹ እየበሱት ወጡ። ስለዚህ የአሮጌ ጂንስ ሱሪ እግር ቆርጬ፣ ከታች በኩል ወደ ላይ አጥፌ፣ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ ቁልቁል ሰፍቼ ኪስ በኪስ አደረግኩት፣ ከላይም ክዳን የሚሆን ጨርቅ ተውኩለት። ተጠቅልሎ ሲታሰር አንድም አይወድቅም። መንጠቆው ወደ ላይ ይሁን፤ ስትፈልጉት ወዲያው ይታያችኋል። የውፍረት ቁጥራቸው የለቀቀውን በጥፍር ቀለም ለየሁ፦ ቀይ ለዳንቴል፣ ሰማያዊ ለሱፍ ክር።

መቀሱና ሜትሩ እናቴ የሰጠችኝ ሙዳይ ውስጥ ገቡ።

ትናንት ማታ መብራት ጠፋ። 1.25ቷን በጨለማ ዳስሼ ከሦስተኛው ኪስ አወጣኋት።