መረሬ ላይ የተሠራ ቪላ ሲሰነጠቅ፦ የስክሩ ፓይል ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ ከበርና ከመስኮት ጥግ የሚነሳ ሰያፍ ስንጥቅ። በጋ ላይ ይሰፋል፣ ክረምት ሲገባ ይጠባል። በሩም አንዳንዴ አልዘጋ ይላል።

ምክንያት፦ ቦሌና አቃቂ ቃሊቲ ብዙ ቦታ ላይ መሬቱ መረሬ ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። መሠረቱንም ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። በየዓመቱ ስንጥቁን በጀሶ ደፍኖ ቀለም መቀባት ብር መጣል ነው።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ውሃውን ያዙ። አሸንዳው ግድግዳ ሥር እያፈሰሰ መሠረቱን የሚደግፈውን ስክሩ ፓይል አታስገቡ። የሚያፈስ ሴፕቲክ ታንክና ግድግዳ ተጠግቶ ውሃ የሚመጥ ባህር ዛፍም ያው ናቸው።

ስክሩ ፓይል የብረት ዘንግ ነው። ጫፉ ላይ እንደ ብሎን ጥርስ የተጠማዘዘ ሳህን አለው። በሃይድሮሊክ ሞተር እየዞረ ይገባና የቤቱን ክብደት መረሬውን አልፎ ጽኑው አፈር ላይ ያሳርፋል።

ደጋግሜ የማየው ጥፋት ፓይሉን መረሬው ውስጥ ማስቀረት ነው። አንድ ቪላ ላይ ሠራተኞቹ የሞተሩን ግፊት የሚያሳየው ጌጅ ቀስት ሽቅብ ሲል «ጠንክሯል» ብለው ዘንጉን ቆርጠው ከመሠረቱ ጋር አሰሩት። ለካ የነካው መረሬው ውስጥ የተቀበረ ድንጋይ ነው። ክረምት ሲመጣ አፈሩ አብጦ ድንጋዩንም ፓይሉንም ገፋቸው። ያ ጥግ ተነሳ። የሳሎኑ ግድግዳ ከኮርኒሱ ጀምሮ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ። ፓይሉን ወደ ኋላ አዙረን አወጣነው፣ ትንሽ ፈቀቅ ብለን እንደገና አስገባነው።

ቀስቱ በድንገት ከዘለለ ድንጋይ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። በበጋ የደረቀ መረሬም ጌጁን ያታልላል። ስለዚህ ቀድማችሁ አፈሩን አስቆፍራችሁ መረሬው የት እንደሚያልቅ እወቁ። ይህን ሳያውቅ ዋጋ የሚነግራችሁን አሰናብቱት።

ማስጠንቀቂያ፦ የድሮ ቪላ መሠረት አብዛኛውን ጊዜ የድንጋይ ግንብ ነው። የፓይሉን መያዣ ብረት በቀጥታ ድንጋዩ ላይ አትሰሩት፣ ይፈረካከሳል። መጀመሪያ ከሥሩ ፌሮ ያለው የኮንክሪት ቢም ይሞላ። ቁፋሮው እየተዘለለ በአጭር በአጭሩ ይሁን። አንዱን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር አንዴ መክፈት ሰው ይገድላል! ከቢሙ ሥር ክፍተት ተዉ፤ ያለዚያ ያበጠው አፈር ቢሙን ይገፋዋል። ስንጥቁን እዘጋለሁ ብላችሁም በክሪክ አታስጨንቁት። ማቆም ይበቃል።

ቧንቧ ላይ ሳህን በብየዳ እንደነገሩ ለጥፎ «ፓይል» የሚሸጥላችሁን አትግዙ። ሲጠመዘዝ ብየዳው መሬት ውስጥ ሊገነጠል ይችላል፣ ማንም አያየውም።

ዝገት፦ ጋልቫናይዝድ ግዙ። አለት፦ ከላይ ከጀመረ ይህ ፓይል አይገባም፣ ሌላ ዘዴ ፈልጉ።