ጎንደር ላይ ሶላር ውሃ ማሞቂያ ሲያስገጥሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማራኪ፣ አዘዞ ወይም ጠዳ አካባቢ አዲስ ቤት ከሠራ ሰው ጋር ቡና ከተጠጣ የሻወር ነገር ሳይነሳ አይቀርም። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ቆጣሪውን የሚያሮጠው ምንድን ነው ሲባል ደግሞ ከምጣድ ቀጥሎ ስሙ የሚጠራው የውሃ ማሞቂያው ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ወደ ሶላር ፊቱን አዙሯል። ጥሩ አድርጓል።

ችግሩ ጥያቄው ሲጀመር ነው። ሁሉም "የትኛው ማሞቂያ ይሻላል?" ብሎ ይነሳል። ጎንደር ላይ መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን "ውሃው ቤቴ የሚደርሰው እንዴት ነው?" የሚለው ነው። ከታች ከምዘረዝራቸው ስህተቶች ዋና ዋናዎቹ የሚመነጩት ይህን ጥያቄ ከመዝለል ነው።

ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ መርሳት

ከሁሉም የከፋው ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ሶላር ከላይ ጋን፣ ከሥሩ የተደረደሩ ጥቁር የመስታወት ቱቦዎች ያሉት ነው። እያንዳንዱ ቱቦ ድርብ መስታወት ነው። በሁለቱ መሀል አየር የለም። ሙቀት ይገባል፣ መውጫ ግን አያገኝም። ውሃ ካለበት ያ ሁሉ ሙቀት ወደ ውሃው ይሄዳል። ውሃ ከሌለበት ግን የሚሄድበት የለውም። በጠራ ፀሐይ የባዶ ቱቦ ውስጡ ከ200 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል።

አሁን ሰፈርዎን ያስቡት። ውሃ ከጠፋ ቀናት አልፈዋል። ሮቶው ተሟጧል፣ የሶላሩም ጋን ደርቋል። ከዚያ እኩለ ቀን ላይ "ውሃ መጣ!" ይባላል። ቀዝቃዛው ውሃ እየተንደረደረ የጋለው መስታወት ውስጥ ይገባል። ቱቦው ይሰነጠቃል። ቱቦዎቹ ከጋኑ ጋር አንድ ስለሆኑ አንዷ ስትሰነጠቅ የጋኑ ውሃ በእሷ በኩል ፈስሶ ያልቃል። ባለቤቱ "ዕቃው ፎርጅድ ነው" ብሎ ሻጩን ይራገማል። ዕቃው ግን ምንም አልሆነም ነበር።

መፍትሔው ብዙ ወጪ የለውም። ከሮቶው ሁለት መስመር ያስወጡ። ለሶላሩ የሚሄደው ከግርጌው ይውጣ። ለወጥ ቤቱ፣ ለመጸዳጃውና ለልብስ ማጠቢያው የሚሄደው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ይውጣ። ውሃ ሲያንስ መጀመሪያ የሚቋረጠው የወጥ ቤቱ መስመር ይሆናል፤ ሶላሩ ግን የራሱ መጠባበቂያ ይተርፈዋል። ይህን የሚያደርግ የቧንቧ ሠራተኛ ብዙም አያጋጥምም። እርስዎ ካልጠየቁ ማንም አያነሳልዎትም።

ጋኑ አንዴ ከደረቀ ደግሞ መሙላት ያለበት ጎሕ ሲቀድ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ቱቦው ሲቀዘቅዝ ነው። እስከዚያ የሶላሩን መስመር ዝግ ያድርጉት። ለበዓል ወይም ለክፍለ ሀገር ጉዞ ቤት ዘግተው ሲሄዱም ጋኑን ሞልተው፣ ቱቦዎቹን በሸራ ሸፍነው ይሂዱ።

ሶላሩን ከከተማው መስመር ጋር በቀጥታ ማገናኘት

ይኸው ርካሽና የተለመደው ሶላር ግፊት የሚችል አይደለም። ጋኑ ቀጭን ነው፣ አየር ማስወጫም አለው። ውሃው ሊገባበት የሚገባው ከሮቶ በራሱ ክብደት እየወረደ ነው። የከተማው መስመር ደግሞ አንድ ቀን ይንጠባጠባል፣ ሌላ ቀን ሌሊት በኃይል ይመጣል። በቀጥታ ከተገናኘ ወይ በአየር ማስወጫው ይፈሳል፣ ወይ ቱቦዎቹ ከጋኑ ጋር የሚገጠሙባቸውን ጎማዎች ያስለቅቃቸዋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ሮቶው ከላይ፣ ሶላሩ ከሥሩ፣ ሻወሩ ከሁሉም በታች። የሮቶው ግርጌ ከሶላሩ ጋን አናት ከፍ ማለት አለበት። አለበለዚያ ጋኑ ግማሽ ሞልቶ ይቆማል። ግፊት የሚችል ዓይነትም አለ፤ ዋጋው ከፍ ይላል። ሲገዙ "ይህ ግፊት ይችላል ወይስ አይችልም?" ብለው ይጠይቁ። ሻጩ ከተንተባተበ አይችልም ማለት ነው።

ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ መስቀል

200 ሊትር ውሃ ብቻውን 200 ኪሎ ነው። ጋኑ፣ ቱቦው፣ ብረቱ ሲደመር ወደ 300 ኪሎ ይጠጋል። የብዙዎቻችን ጣሪያ ደግሞ ከባሕር ዛፍ የተሠራ ነው። የታሰበው ለቆርቆሮው፣ ለነፋሱና ለበረዶው እንጂ ለዚህ አይደለም። በዚያ ላይ ብሎኑ የበሳው ቀዳዳ ሐምሌ ላይ ኮርኒሱን ያበላሻል።

ጥሩ ብረት በያጅ ግቢ ውስጥ ለሮቶውም ለሶላሩም አንድ ላይ ማቆሚያ ይሠራልዎታል። ቤትዎ ስላብ ከሆነ ግን ያ ሁሉ ጣጣ የለም። እዚያው ላይ ይትከሉት፤ ብቻ የሮቶውን ከፍታ እንዳይረሱ።

ስለ አቅጣጫ መጨቃጨቅ፣ ጥላውን መርሳት

ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ፊቱን ወደ ደቡብ ያድርጉት፣ አለቀ። ሰኔና ሐምሌ ላይ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች፤ ያኔ ግን ደመናው ስለሚበዛ ብዙም አያሳስብም። ሙቅ ውሃ አጥብቀው የሚፈልጉት ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው። በእነዚህ ወራት ደግሞ ፀሐይ በደቡብ በኩል ናት። ዘንበል የሚልበት ማዕዘን ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ቢሆን ይበቃል። አብሮት የሚመጣው ብረት ከዚህ የበለጠ ቀጥ ያለ ከሆነም አይጨነቁ። የሚያጡት ጥቂት ነው።

የጎረቤት ባሕር ዛፍ ግን ብዙ ያሳጣል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ጥላ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አይትከሉ። አጠገብዎ ባዶ ቦታ ካለ፣ ነገ እዚያ ፎቅ ሊበቅል እንደሚችልም ያስቡ።

ለክረምቱ የተገጠመውን ኤሌክትሪክ ዓመቱን ሙሉ ማብራት

"ክረምት ላይ አይሠራም" ብለው ሶላርን የሚተዉ ሰዎች አሉ። ተሳስተዋል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ግንቦት የጎንደር ሰማይ በአብዛኛው ጥርት ያለ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይም የመስታወቱ ቱቦ በደመና ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ይሰጣል። ለዚያ ጊዜ ጋኑ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይገጠማል።

ስህተቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ማሞቂያው ራሱን በሚያበራና በሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ይያያዝና ይረሳል። ማታ ቤተሰቡ ይታጠባል። ቀዝቃዛ ውሃ ጋኑን ይተካል። ኤሌክትሪኩ ሌሊቱን ሙሉ ያሞቀዋል። ፀሐይ ስትወጣ ጋኑ ቀድሞ ፈልቷል፤ ለእሷ የቀረላት ሥራ የለም። የወሩ ቢል ሲመጣ "ሶላር ምንም አልቆጠበልኝም" ይባላል። ማሞቂያው ቤት ውስጥ፣ እጅ የሚደርስበት ማብሪያ ይኑረው። ከሰዓት በኋላ የውሃውን ሙቀት አይተው፣ ካስፈለገ ብቻ ያብሩት።

ኤሌክትሪክ ቦይለርን ቀኑን ሙሉ መተው

ሶላር ለማስገባት አቅሙ ወይም ቦታው የሌለው ሰውም መቆጠብ ይችላል። "አጥፍቶ ማብራት የበለጠ ይበላል" የሚለው ወሬ እውነት አይደለም። ሙቅ ጋን ቁጭ ባለ ቁጥር ሙቀቱ ይወጣል፤ መቆጣጠሪያው ያንን እየተካ ቆጣሪውን ያስቆጥራል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። 50 ሊትር ውሃን ከ18 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ቦይለሩ 1500 ዋት ከሆነ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ያ ውሃ ከቀዝቃዛው ጋር ሲቀላቀል ከ90 ሊትር በላይ ለገላ የሚሆን ውሃ ይሆናል። ለሁለት ሰው በደንብ ይበቃል። ስለዚህ መታጠቢያ ሰዓትዎን ያውቁ ከሆነ ከሁለት ሰዓት በፊት ያብሩ፣ ከዚያ ያጥፉ። ለሁለት ሰው 100 ሊትር ቦይለር መግዛት ደግሞ ሌላ ብክነት ነው። (ነገሥታቱ ፋሲል ግቢ ውስጥ የእንፋሎት መታጠቢያ ነበራቸው። እሳት የሚያነድላቸው ሰው ስለነበር የኪሎዋት ጣጣ አላስጨነቃቸውም።)

ፈጣን ሻወር ማሞቂያ "ትንሽ ነው" ብሎ መናቅ

ግድግዳ ላይ የምትሰቀለው ትንሿ ሳጥን ጋን ስለሌላት ሙቀት አታባክንም። በዚህ በኩል አትታማም። ግን ብዙ ጊዜ 5500 ዋት ገደማ ትስባለች። በ220 ቮልት ይህ 25 አምፔር ነው። ለሶኬት የተዘረጋው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ለዚህ አልተሠራም። ራሱን የቻለ መስመር፣ ወፈር ያለ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር ይፈልጋል።

ከዚያ ቅዳሜ ይመጣል። ወጥ ቤት ውስጥ እንጀራ እየተጋገረ ነው፤ ምጣዱ ብቻውን ከ3500 ዋት በላይ ይስባል። አንዱ ልጅ ሻወር ይገባል። ብሬከሩ ይወርዳል፣ ወይም የማይወርድ ከሆነ ሽቦው ይግላል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እጅግ የባሰ ነው። ብሬከር ስለወረደ በትልቅ ብሬከር መቀየር ደግሞ ቤት ለማቃጠል መንገድ መጥረግ ነው።

ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ መከላከያ ሽቦ) የሌለው ሻወር ውስጥ ደግሞ ጨርሶ አይግቡ። ውሃና ኤሌክትሪክ በሚገናኙበት ቦታ "ለጊዜው ይሁን" የሚባል ነገር የለም። ሽቦው እስከ መሬት የተቀበረው ዘንግ ድረስ በትክክል መገናኘቱን ኤሌክትሪሺያኑ በመሣሪያ ለክቶ ያሳይዎት። ባልዲ ውስጥ የሚነከረው የብረት ማፍያም ያው ነው፤ ሳይነቀል እጅ ውሃ ውስጥ አይገባም።

ቧንቧውን ማንኛውም ቧንቧ ይሁን ማለት

የጎንደር ከፍታ ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሶላር በጠራ ቀን፣ ሰው ካልተጠቀመበት፣ እዚያ ይደርሳል። ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራ ፒቪሲ በዚህ ሙቀት ይለሰልሳል፤ መገጣጠሚያው ይላቀቃል። ለሙቅ ውሃ የተሠራ ፒፒአር መሆኑን ከላዩ የተጻፈውን አንብበው ይግዙ። ከሶላሩ ጋን የሚወጣው ቧንቧ የመጀመሪያው ሜትር የብረት ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ልጆች ካሉ ቀዝቃዛውንና ሙቁን የሚያደባልቅ ቧንቧ የግድ ያስፈልጋል።

ርቀቱም ያው ነው። 20 ሜትር ግማሽ ኢንች ቧንቧ ውስጥ እንደ ቧንቧው ዓይነት ከ2.5 እስከ 4 ሊትር ገደማ ውሃ ይቀመጣል። ሙቁ እስኪመጣ ያንን እየደፉ ነው። በቦቴ ውሃ ለሚገዛ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ሻወሩን ለሶላሩ ቅርብ ያድርጉ፣ ቧንቧውን ይሸፍኑ፣ መጀመሪያ የሚወጣውን ቀዝቃዛ ውሃ በባልዲ ይቀበሉ።

ውሃው ደለል ካለበት፣ በተለይ ክረምት ላይ ሲደፈርስ፣ ከሮቶው መውጫ ላይ ማጣሪያ ያስፈልጋል። የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ ከሆነ ነጭ ድንጋይ ማሞቂያው ላይ ይጋገራል። ቦይለር ውስጥ ዝገት በራሱ ላይ የሚወስድ የማግኒዚየም ዘንግ አለ፤ ያ ሲያልቅ ጋኑ መበላት ይጀምራል። በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ አስከፍተው ያሳዩት።

መለዋወጫ ሳይጠይቁ መግዛት

ከአየር ላይ ሙቀት እየሳቡ ውሃ የሚያሞቁ ሂት ፓምፕ የሚባሉ ማሽኖች አሉ። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ወደ ሦስት የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣሉ። ለጎንደር አየርም ይስማማሉ። ዋጋቸው ውድ ነው። በተጨማሪ ጋዙ ሲያልቅ ወይም ቦርዱ ሲቃጠል የሚጠግነው ሰው በቅርብ ከሌለ ማሽኑ ቆሞ የሚቀር ዕቃ ይሆናል። በዚህ ምክንያት አሁን ለተራ መኖሪያ ቤት ሶላሩን እመርጣለሁ።

ሶላሩን ሲገዙም በዚያው ቀን ሁለት ሦስት ትርፍ ቱቦና ጎማዎቹን አብረው ይግዙ። የቱቦው ስፋትና ርዝመት በየዓይነቱ ይለያያል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አንዷ በበረዶ ብትሰበር ልኩ ላይገኝ ይችላል። ትርፎቹን በካርቶናቸው፣ ልጆች ከማይደርሱበት፣ በቁማቸው ያስቀምጡ።