ዓሣው ነካክቶ ይሄዳል? መጀመሪያ መንጠቆውን እዩት

ሐይቅ ዳር ውሎ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ሰበብ አያጣም። ነፋሱ ነው፣ ጨረቃዋ ናት፣ መረብ የሚጥሉት ጨርሰውታል። አንዳንዱ ሰበብ እውነት ነው። ነፋሱንም ጨረቃዋንም ግን ምንም ማድረግ አይቻልም፤ መንጠቆ በሁለት ደቂቃ ይቀየራል። ስለዚህ ጥፋተኛ ፍለጋውን ከእሱ እንጀምር።

የምናወራው በሕይወት ባለ ማባበያ፣ ማለትም በትል ወይም በትንሽ ዓሣ፣ በክር ስለማጥመድ ነው። ቦታው ሐዋሳ፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ጣና ሊሆን ይችላል። የሚፈለጉት ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ወደ ጫሞና አባያ ከወረዳችሁ ናይል ፐርችም አለ።

መጀመሪያ ስለ ቁጥር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ተራው ቁጥር ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። ቁጥር 12 ከቁጥር 6 ያነሰ ነው። ከቁጥር 1 በኋላ ግን 1/0፣ 2/0፣ 3/0 እየተባለ ይቀጥላል፤ እዚህ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆውም ይተልቃል። በፍሬ ከገዛችሁና ሻጩ ቁጥሩን ካላወቀ በዓይናችሁ መዝኑ። መለኪያው የምትመኙት ዓሣ ብቻ አይደለም። ማባበያውም አለ። መንጠቆው ላይ ሲሰካ ጫፉ ነጻ ሆኖ መቅረት አለበት፣ ማባበያውም መንጠቆውን ተሸክሞ መንቀሳቀስ መቻል አለበት። ሁለቱን ካሟላ ልክ ነው።

ይነካካል፣ ይነቀንቃል፣ ትሉን በልቶ ይሄዳል

ተንሳፋፊው ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ዝቅ ይላል። ስባችሁ ስታዩት መንጠቆው ተልጦ ይመጣል። ይህ ብዙውን ጊዜ የቆሮሶ ሥራ ነው። ቆሮሶ በአብዛኛው የሚኖረው በውሃ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን አልጌዎች ነው። ትል ሲያገኝ አይጠላም፣ ግን አፉ ትንሽ ነው፤ አንዴ ጎርሶ አይሄድም፣ ከጫፍ ከጫፉ ይለቅማል። እናንተ ደግሞ ትልቅ ዓሣ ተመኝታችሁ 1/0 ሰክታችኋል። አፉ ውስጥ የማይገባ መንጠቆ ምን ሊይዝ?

ወደ ቁጥር 8 ወይም 10 ውረዱ። ቀጭን ሽቦ ያለው ይሻላል፣ ትሉን አይቀድደውም። የመንጠቆው ዘንግ (ቀጥ ያለው ክፍሉ) ረዘም ያለ ከሆነ ደግሞ በኋላ ከትንሽ አፍ ውስጥ ለማውጣት ይመቻል።

ቀጥሎ የትሉ አሰካክ። ሙሉ ትል መሐሉን ወግቶ ሁለቱን ጫፍ ማንጠልጠል ቆሮሶን በነጻ መጋበዝ ነው፤ የተንጠለጠለውን በልቶ መንጠቆው ጋ ሲደርስ ይጠግባል። ትሉን ለሁለት ክፈሉት። የመንጠቆውን ጫፍ በተቆረጠው በኩል አስገቡና በዘንጉ ላይ እንደ ካልሲ ቀስ እያላችሁ አልብሱት። ከጫፉ በታች የሚንጠለጠለው ጅራት ከጥፍራችሁ ስፋት አይብለጥ። ጫፏ ራሷ ወጥታ ትታይ። ዓሣው ያያታል ብላችሁ አትፍሩ፣ በዚያ ድፍርስ ውሃ ውስጥ ማንም አያያትም።

ይህን አድርጋችሁም ካልተለወጠ ተንሳፋፊውን እዩ። ትልቅ ተንሳፋፊ ዓሣው ሲስብ መልሶ ይስበዋል፣ እሱም ይተፋዋል። አነስ ያለ አድርጉ።

በነገራችን ላይ ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድገው። አፏ ሞልቶ ከመጣች መንጠቆውን ቶሎ አውጥታችሁ መልሷት።

ክሩ ሄደ፣ ተወጠረ፣ ስስብ ግን ባዶ ነው

ይህኛው ያበሽቃል። በተለይ ማታ ማታ፣ ፊላና ሸምበቆ ባለበት ዳርቻ አምባዛ ስትጠብቁ ያጋጥማል። ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው።

አንደኛው፣ መንጠቆው ደንዟል። የአምባዛ አፍ ሰፊ ነው፣ ግን አጥንት ይበዛዋል፤ ያልተሳለ ጫፍ ተንሸራቶ ይወጣል። ፈተናው ቀላል ነው። ጫፉን በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ላይ በቀስታ ጎትቱት። ጥፍሩን ይዞ ከቆመ ስል ነው። ከተንሸራተተ በትንሽ ሞረድ ወደ ጫፉ አቅጣጫ ጥቂት ጊዜ ሳሉት፣ ወይም ጣሉትና አዲስ እሰሩ። ድንጋይ የነካ መንጠቆ ሁልጊዜ ይፈተሽ። እርጥብ መንጠቆ ከደረቁ ጋር በአንድ ቆርቆሮ አትክተቱ፣ ዝገቱ ለሁሉም ይዳረሳል።

ሁለተኛው፣ ጫፉ ማባበያው ውስጥ ተቀብሯል። ትንሽ ዓሣ ስትሰኩ መንጠቆውን ሁለት ጊዜ አዙራችሁ ከወጋችሁት፣ አምባዛው ሲጎርስ ጫፉ የሚወጋው ራሱን ማባበያውን ነው። አንዴ ብቻ ውጉ፣ ጫፉን በሌላ በኩል አውጡ። ለአምባዛ ከ2/0 እስከ 5/0 ያለው ይበቃል፤ የትኛው እንደሆነ የሚወስነው የያዛችኋት ትንሽ ዓሣ መጠን ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚከራከርበት ክብ መንጠቆ ነው። ጫፉ ወደ ዘንጉ ዞሮ የታጠፈ መንጠቆ አለ፤ ሲያዩት ምንም የሚይዝ አይመስልም። አሠራሩ ግን ብልህ ነው። ዓሣው ጎርሶ ዞር ሲል መንጠቆው ከጉሮሮው ተንሸራቶ ይመጣና የአፉ ጥግ ላይ ራሱን ይሰካል። ችግሩ እኛ ጋ ነው። ክሩ ሲነካ ብድግ ብሎ መንጨቅ ለምዶብናል። ክብ መንጠቆን ስትነጭቁት ጥግ ላይ ሳይደርስ ከአፉ ይወጣል። ስለዚህ አትንጨቁ። ክሩ ይሂድ፣ ይወጠር፣ ክብደቱን እጃችሁ ላይ አድርሱት። ከዚያ ሳታቋርጡ በእርጋታ ሳቡ። እጃችሁ አልታዘዝ ካለ ተራውን መንጠቆ ተጠቀሙ፣ ነውር የለውም።

በየሱቁ ክብ መንጠቆ ላታገኙ ትችላላችሁ። አሜሪካ ያለ ዘመድ ለበዓል ሲመጣ ከሽቶውና ከጫማው ጋር አንድ ፓኬት እንዲይዝ አስታውሱት። ኪሎም አይዝበት።

ዓሣው መንጠቆውን ውጦታል

ወይ መንጠቆው ለዓሣው አንሷል፣ ወይ እናንተ ወሬ ላይ ነበራችሁ። ተራ መንጠቆ ይዞ ክሩን ጥሎ መሄድ ውጤቱ ይህ ነው። ለምግብ ከሆነ ችግር የለውም፣ ሲታረድ ይወጣል። ልትለቁት ከሆነ ግን ጉሮሮው ውስጥ ገብታችሁ አትቆፍሩ። ክሩን አፉ ድረስ አስጠግታችሁ ቁረጡት፤ ጎትቶ ከማውጣት ይልቅ እንዲህ ቢለቀቅ የመትረፍ ዕድሉ ይሻላል። ለሚቀጥለው ጊዜ በአንድ ቁጥር የሚተልቅ መንጠቆ ያዙ ወይም ወደ ክብ መንጠቆ ዙሩ።

አምባዛ ከሆነ ስትይዙት ተጠንቀቁ። የደረት ክንፎቹ ላይ ጠንካራ እሾህ አለው፣ ከውሃ ከወጣም በኋላ አየር እየሳበ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ሞቷል ብላችሁ ስትዘናጉ ይዞራል።

ትንሿ ዓሣ ውሃ እንደነካች ትሞታለች

የሞተች ማባበያ ለአምባዛ ትሆናለች፣ እሱ ሽታ ተከትሎም ይመጣል። ናይል ፐርች ግን የሚንቀሳቀስ ይወዳል። ቶሎ የምትሞትባችሁ ከሆነ መጀመሪያ የሽቦውን ውፍረት እዩ። የጣት ርዝመት ያላት ዓሣ ላይ ወፍራም 6/0 መስቀል መግደል ነው።

ከዚያ የሰካችሁበትን ቦታ። በቆመ ውሃ ላይ በተንሳፋፊ ስታጠምዱ ከጀርባ ክንፏ ሥር፣ ከአከርካሪዋ በላይ ባለው ሥጋ በኩል ውጉ። ትንሽ ዝቅ ካላችሁ አከርካሪውን ትነካላችሁ፣ አለቀ። ጀልባው እየሄደ ወይም ሞገዱ እየጎተተ ከሆነ ግን በከንፈሯ በኩል ስኩ፤ ጭንቅላቷን አስቀድማ ስለምትሄድ አትሽከረከርም።

አንዳንዴ ደግሞ መንጠቆው ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱ የባልዲው ነው። የሞቀ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ትንሽ ነው። ባልዲውን ጥላ ሥር አድርጉ፣ ውሃውን ከሐይቁ እየቀዳችሁ ቀይሩ፣ ብዙ ዓሣ አታጭቁበት። ማባበያችሁን ከዚያው ከምታጠምዱበት ሐይቅ ያዙ። ከዝዋይ የያዛችሁትን በጄሪካን ሐዋሳ ወስዳችሁ አትድፉ። ያልነበረ ዓሣ ወይም በሽታ አንዴ ከገባ መልሶ የሚያወጣው የለም።

መንጠቆው ጠፍቶ ክሩ ብቻ ይመጣል

የክሩን ጫፍ አጠገባችሁ አድርጋችሁ እዩት፣ ራሱ ይናገራል። ጫፉ የተጠቀለለ ከሆነ ቋጠሮው ተፈትቷል። በሚቀጥለው መንጠቆ ክሩን በቀዳዳው አሳልፋችሁ በራሱ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ጠምዝዙ፣ ጫፉን ከቀዳዳው አጠገብ ባለው ቀለበት መልሳችሁ አስገቡ፣ ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ደረቅ ናይሎን ሲጠብቅ በሰበቃ ሞቆ ይደክማል።

ጫፉ ሻክሮ ተበጣጥሶ ከሆነ ተፈግፍጓል። ጫሞ ላይ ከሆናችሁ ናይል ፐርችን ጠርጥሩ። ጥርሶቹ ጥቃቅንና ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፤ አይቆርጡም፣ ይሞርዳሉ። የጉንጩ ክዳን ጠርዝም ስለት አለው። ከመንጠቆው በላይ አንድ ክንድ ያህል ወፍራም ናይሎን ጨምሩ። መንጠቆው ሳይጠፋ ተዘርግቶ ቀጥ ብሎ ከመጣ ደግሞ ሽቦው ቀጭን ነበር። ለዚህ ዓሣ ከ5/0 በላይ፣ ወፍራም ሽቦ።

ጫሞ ላይ ቋጠሮ ለማጥበቅ ወይም እጅ ለመታጠብ ዳር ላይ አትጎንበሱ። አዞ አለ። ሥራውን ጀልባ ላይ፣ ከአካባቢው ጀልባ ነጂ ጋር ጨርሱት።

የሚመጣው ሣር ብቻ ነው

ባለሦስት ጫፍ መንጠቆ ከሆነ የያዛችሁት አውጡት፣ ያገኘውን ሁሉ ይሰበስባል። ባለ አንድ ጫፍ ሰክታችሁ ተንሳፋፊውን ክሩ ላይ ወደ መንጠቆው አቅርቡት፤ ማባበያው ከሣሩ በላይ ይንጠልጠል። እምቦጭ ውሃውን በሸፈነበት ዳርቻ ግን የትኛውም መንጠቆ አያዋጣም፣ ቦታ ቀይሩ።

መንጠቆው ጣቴ ውስጥ ገባ

በገባበት አትሳቡት። ከጫፉ ትንሽ ከፍ ብላ ወደ ኋላ የተመለሰች እሾህ አለች፣ ሥጋውን ይዛ ትቀድዳለች። ክሩን ቁረጡ፣ መንጠቆው እንዳይነቃነቅ በጨርቅ አስሩትና ጤና ጣቢያ ሂዱ። ዓይን አካባቢ ወይም መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ማንም ጓደኛ አይሞክር። የቴታነስ ክትባታችሁን መቼ እንደወሰዳችሁ ይጠይቋችኋል። ሌላ ቀን ስትወጡ ፒንሳ ያዙ፤ ያችን እሾህ አስቀድማችሁ በፒንሳ ጨፍልቃችሁ ብታስተኟት መንጠቆው ከጣትም ከዓሣ አፍም በቀላሉ ይወጣል። ክሩን ካላረገባችሁ ዓሣው አያመልጥም።