የሥራ ቀናችንን በሰባቱ የጸሎት ጊዜያት እንዴት እንምራ?

እሑድ ቅዳሴ አስቀድሶ፣ በበዓላት ቀን ታቦት አጅቦ የሚመለስ ምእመን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለው ኑሮው ከእምነቱ የተለየ ሆኖ ሲሰማው ብዙ ጊዜ መፍትሔ የሚፈልገው በረጅም ሱባዔ ወይም በሩቅ ገዳም ነው። ሁለቱም መልካም ናቸው። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለዕለት ኑሯችን የሠራችልን ሥርዓት ከዚህ ይልቅ ቅርብ ነው፤ መዝሙረ ዳዊት 118፥164 ላይ ነቢዩ በቀን ሰባት ጊዜ እንደሚያመሰግን የተናገረውን ይዛ ነግህን (ጠዋት)፣ ሠለስትን (3 ሰዓት)፣ ቀትርን (6 ሰዓት)፣ ተሰዓትን (9 ሰዓት)፣ ሠርክን (11 ሰዓት)፣ ንዋምን (የመኝታ ጊዜ) እና መንፈቀ ሌሊትን (እኩለ ሌሊት) ለጸሎት ለይታ ሰጥታናለች። እነዚህ ጊዜያት ለመነኮሳት ብቻ የተሰጡ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከማንም በላይ የሚያስፈልጉት ቀኑን ለሥራ ለሸጠ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም እያንዳንዳቸው ጌታ ለእኛ ሲል የሠራውን አንድ ሥራ እያስታወሱ፣ እኛ በዚያው ሰዓት የምንሠራውን ሥራ በእርሱ ፊት ያቆሙታል።

በሀገራችን አቆጣጠር ለምንኖር ሰዎች ነገሩ ይበልጥ ቀላል ነው። በሐዋርያት ሥራ የተጠቀሱት ሦስተኛው፣ ስድስተኛውና ዘጠነኛው ሰዓት እኛም ዛሬ 3 ሰዓት፣ 6 ሰዓት፣ 9 ሰዓት የምንላቸው ናቸውና ማስላት አያስፈልገንም። በዋሽንግተን፣ በሮም ወይም በዱባይ የሚኖር ወገናችን ስልኩ ጠዋት 9፣ ቀትር ላይ 12፣ ከሰዓት በኋላ 3 ሲል እነዚሁ ጊዜያት መድረሳቸውን ይወቅ።

አጀማመሩን በተመለከተ ሰባቱን በአንድ ቀን ለመያዝ መሞከር አይመከርም። በመጀመሪያ በነግህና በንዋም ይጀመር፤ ሁለቱም በቤታችንና በእጃችን ያሉ ናቸውና። ጠዋት ከአልጋ እንደተነሡ፣ ስልክ ከመክፈት አስቀድሞ፣ ፊትንና እጅን ታጥቦ ወደ ምሥራቅ መቆም ይገባል። በስመ አብ ብሎ፣ ከግንባር ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ አማትቦ፣ የዘወትር ጸሎትን ማድረስ፣ ቀጥሎም የዕለቱን ውዳሴ ማርያም መጸለይ የተለመደ ነው። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ዕለታት የተከፋፈለ ስለሆነ የሰኞው ለሰኞ፣ የማክሰኞው ለማክሰኞ ይደርሳል። ጊዜ ያለው ከመዝሙረ ዳዊት አንድ ንጉሥ ይጨምር፤ 150ው መዝሙር በ15 ንጉሥ የተከፈለ ሲሆን አንዱ ንጉሥ ዐሥር መዝሙር ይይዛል። ታክሲ እንዳያመልጠው የሚቸኩል ሰው ግን አቡነ ዘበሰማያትን ከነበሰላመ ቅዱስ ገብርኤል በማስተዋል ቢያደርስ፣ ልቡ መንገድ ላይ ሆኖ ብዙ ገጽ ከሚያነብ ይሻለዋል።

ነግህ ጌታችን በጲላጦስ አደባባይ የቆመበት ጊዜ መሆኑን ማሰብ የጠዋቱን ጸሎት ከልማድ ያድነዋል። ያለ በደሉ ለፍርድ የቆመውን አምላክ አስቦ ከቤቱ የወጣ ዳኛ፣ ፖሊስ፣ መምህር ወይም የቢሮ ኃላፊ በዚያ ቀን ፊቱ የሚቆመውን ባለጉዳይ የሚያይበት ዓይን ሌላ ይሆናል።

ሁለቱ ጊዜያት ከጸኑ በኋላ በሥራ ሰዓት ላይ የሚውሉት ሦስቱ ይከተላሉ፤ ከባዶቹም እነዚህ ናቸው። ሦስት ሰዓት መንፈስ ቅዱስ ለሐዋርያት የወረደበት ሰዓት ነው፤ ለብዙዎቻችን ደግሞ ሥራ የሚሟሟቅበት ነው። ስድስት ሰዓት ጌታችን በመስቀል ላይ የዋለበት ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ ሳለ ለመጸለይ ወደ ሰገነት የወጣው በዚሁ ሰዓት ሲሆን፣ ርቦት እንደ ነበረ፣ ምግብም ይዘጋጅለት እንደ ነበረ መጽሐፉ ይነግረናል፤ ስለዚህ ምሳ ከመቅረቡ በፊት ያለችው አጭር ጊዜ ለቀትር ጸሎት የተመቸች ናት። በሥራ ቦታ ድምፅ ማሰማትም ሆነ የሰውን ዓይን መሳብ አያስፈልግም። ወንበር ላይ እንደተቀመጡ «እግዚኦ ተሠሃለነ፤ ክርስቶስ ሆይ ስለ እናትህ ስለ ማርያም ብለህ ማረን» ማለት ይቻላል። በሰው ቤት ተቀጥራ ሰዓቷን ራሷ የማታዝዝ፣ በተለይም በዓረብ ሀገር ያለች እኅታችን፣ እጇ እቃ እያጠበ በልቧ ብትጸልይ ጸሎቷ ጎዶሎ አይደለም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትንሽ ልቆይ። ጌታችን ነፍሱን በገዛ ፈቃዱ ከሥጋው የለየበት ሰዓት ነው፤ ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ምእመንም፣ ከበዓለ ኀምሳ (ከትንሣኤ በኋላ ካሉት ኀምሳ ቀናት) በቀር፣ በተለመደው ሥርዓት እስከዚህ ሰዓት ይቆያል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 3 ጴጥሮስና ዮሐንስ በዘጠኝ ሰዓት ለጸሎት ወደ መቅደስ ሲወጡ፣ መልካም በምትባለው ደጅ ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ሽባ የነበረ ሰው ምጽዋት ለመናቸው። ሰዓቱ ደርሶባቸው ነበር፤ ሆኖም አላለፉትም። ትኩር ብለው አዩት፤ ጴጥሮስም ብርና ወርቅ እንደሌለው ነግሮ፣ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም እንዲነሣ አዘዘው፤ ቀኝ እጁንም ይዞ አስነሣው፤ ከዚያም ሦስቱም አብረው ወደ መቅደስ ገቡ። እምነት በዕለት ኑሮ ውስጥ ምን እንደሚመስል ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ አላውቅም። ስለዚህ ተሰዓትን በጸሎት ብቻ ሳይሆን በአንድ ሰውም እናክብረው፦ በር ላይ የሚቆመውን የጥበቃ ሠራተኛ ስሙን ጠርቶ ስለ ልጆቹ መጠየቅ፣ ሲመላለስ የሰነበተውን ባለጉዳይ ወረቀት ዛሬውኑ መጨረስ፣ የታመመውን ባልደረባ ደውሎ ማጽናናት በዚህ ሰዓት ይደረግ። በጾም ቀን ያልተበላው ምሳ ዋጋም ለተራበ ሰው ቢሰጥ ጾሙ ምሉዕ ይሆናል።

ሠርክ፣ ማለትም 11 ሰዓት፣ የጌታችን ሥጋ ወደ መቃብር የወረደበት ነው፤ ከሥራ የምንወጣበትም ስለሆነ በመንገድ ላይ ሊደርስ ይችላል። በመንገዱ ቤተ ክርስቲያን ያለ ሰው ደጁን ተሳልሞ ይለፍ። ቂም ይዞ ወደ ቤት ከመግባት መጠበቅ የዚህ ሰዓት ዋና ሥራ ይሁን። ንዋም ጌታ በጌቴሴማኒ የጸለየበት፣ ደቀ መዛሙርቱም እንቅልፍ ያሸነፋቸው ጊዜ ስለሆነ የደከመ ሰው ድካሙን ሳያፍር በፊቱ የሚያቀርብበት ነው፤ ባልና ሚስት፣ ልጆችም ጭምር አብረው ቢቆሙ ቤቱን ያጸናል። መንፈቀ ሌሊት ጌታ የተወለደበት፣ የተነሣበት፣ ዳግም የሚመጣበትም እንደሆነ ይታሰባል፤ ሌሊት ተረኛ ለሆኑ ነርሶች፣ ጥበቃዎችና ሾፌሮች ይህ ሰዓት የተዘጋጀ በረከት ነው። ሌላው ግን ለዚህ ጊዜ ሊቸኩል አይገባም።

አንዱ ጊዜ ሲያመልጥ፣ ማምለጡም አይቀርም፣ ያለፈውን ለማካካስ ጸሎት መደራረብ ሳይሆን በሚቀጥለው ሰዓት መቆም ይበቃል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የንስሐ አባትን ማማከር ይገባል። የሥራ ሰዓትን፣ የጤናን ሁኔታና የቤተሰብን ኃላፊነት በዝርዝር ነግሮ፣ ስንቱን ጊዜ በየትኛው ጸሎት መያዝ እንደሚቻል ከእርሳቸው መቀበል፣ ጾሙንም በእርሳቸው ምክር መወሰን ያስፈልጋል፤ የስኳር ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት በተለይ ይህን ሳያደርጉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየትን አይጀምሩ።