የወረርሽኝን አካሄድ በኤክሴል እንዴት ማስላት ይቻላል?

ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር "ጫፉ ላይ ሊደርስ ነው" ሲባል እንሰማለን፤ ጫፍ ማለት በአንድ ጊዜ የታመሙት ሰዎች ከሁሉም ቀን የሚበዙበት ነው። የስሌቱ መሠረት ከርማክ እና ማክኬንድሪክ የተባሉ ሁለት የስኮትላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1927 ያሳተሙት ሞዴል፣ ማለትም የበሽታን ስርጭት በሂሳብ የሚያሳይ ቀመር ነው። ማባዛትና ማካፈል ለሚችል ሰው አይከብድም። ኤክሴል የተጫነበት ስልክ ይበቃል።

መጀመሪያ ቦታ ምረጡ። ፒያሳ 1,000 ሰው የሚውልበት የገበያ ሕንፃ እንበል። ሦስት አምድ አዘጋጁ፦ ገና ያልተያዙ፣ የታመሙ፣ ያገገሙ። የመጀመሪያው ረድፍ 990፣ 10 እና 0 ይሁን።

ቀጥሎ ሁለት ቁጥር ያስፈልጋል። የማገገሚያው ቀላል ነው። ሕመሙ በአማካይ 5 ቀን ከቆየ፣ የታመሙትን በ0.2 (1 ለ5 ሲካፈል) ስታባዙ የዕለቱን ያገገሙ ታገኛላችሁ። ራስ የሚያዞረው የመተላለፊያው ነው። አንድ ታማሚ በቀን 8 ሰው ቢያገኝና እያንዳንዱን የማስያዝ ዕድሉ 5 በመቶ ቢሆን፣ ቁጥሩ 0.4 ይሆናል። በትንፋሽ ለሚተላለፍ በሽታ ይህ ቁጥር አንድ ቦታ አይረጋም። ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ "ኧረ መስኮቱን ዝጉት፣ ንፋስ መታኝ!" ሲባል 5 በመቶው ከፍ ይላል። ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራት ሲጠጋጋ ደግሞ 8ቱ ይጨምራል። ማንም ሞዴል ቢያሳየኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ቁጥር ከየት እንዳመጣው ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። 0.4ን በታመሙት፣ ከዚያ ባልተያዙት አባዙና ለ1,000 አካፍሉ። 3.96 አዲስ ታማሚ ይወጣል። ከ10ሩ 2 ይድናሉ። ስለዚህ በማግስቱ የታመሙት 11.96 ናቸው። አዲስ የታመሙትን ካልተያዙት ቀንሱ፣ የዳኑትን ደግሞ ወደ ያገገሙት ደምሩ። (ሽርፍራፊ ሰው የለም አትበሉ፤ አማካይ ነው።) ቀመሩን ወደ ታች እስከ 100 ቀን ጎትቱት። ጫፉ ላይ 160 ገደማ ሰው በአንድ ጊዜ ይታመማል። 0.4ን 0.3 አድርጉትና እንደገና እዩ፤ ጫፉ ወደ 70 ገደማ ይወርዳል። ንክኪ በሩብ ሲቀንስ የሐኪም ቤት ወረፋው ከግማሽ በላይ ቀነሰ ማለት ነው።

የቫይረሱን ለውጥ ለማየት ለአዲስ ዝርያ ሌላ የታማሚ አምድ ጨምሩ፦ 1 ታማሚ፣ መተላለፊያው 0.5፣ ማገገሚያው ያው 0.2። ያልተያዙትን ሁለቱ ዝርያዎች ይሻማሉ። አዲሱ መጀመሪያ ላይ ከቁጥር አይገባም። 100 ቀን ሳይሞላ ግን የበፊቱን ይበልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ኦሚክሮን የተባለው የኮቪድ ዝርያ የቀድሞውን ዴልታን ሲተካ ፍጥነት ብቻ አልነበረም የረዳው፤ ቀድሞ የተገኘን የሰውነት መከላከያም ያልፍ ነበር። ያንን በግምት ማስገባት ከፈለጋችሁ በየቀኑ ካገገሙት 0.01 ያህሉን ወደ መጀመሪያው አምድ መልሱ። ያኔ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ በሽታው ከሕንፃው ጨርሶ አይወጣም።