ቢራቢሮ ለማየት ሩጫ አያስፈልግም

በሞቃት ወቅት ጫካ ገብታችሁ ቢራቢሮ ማየት ካማራችሁ፣ በሌሊት አትነሱ። ቢራቢሮ እንደ ወፍ የራሷ የሰውነት ሙቀት የላትም። በደንብ ለመብረር ጡንቻዋ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ መሞቅ አለበት። ረፋድ ላይ ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ ስትሞቅ ታገኟታላችሁ። እኩለ ቀን ላይ ግን ለዓይን እንኳ አትያዝም።

ጥቅጥቅ ያለውን ጥላ እለፉት። ዛፎቹ ሳሳ ብለው ብርሃን መሬት የሚነካበት ቦታ ፈልጉና እዚያው ቁሙ። አንዳንድ ወንድ ቢራቢሮዎች እንዲህ ያለችውን ቦታ የኔ ናት ብለው ይይዛሉ፤ ሌላ ወንድ ከመጣ ያባርራሉ። ቢበሩም አትከተሏቸው፣ ብዙ ጊዜ ተመልሰው እዚያችው ቅጠል ላይ ያርፋሉ።

የመንገድ ዳር ጭቃም አትናቁ። ተሰብስበው እርጥበቱን ሲመጥጡ ካያችሁ፣ የፈለጉት ጨውና ማዕድን ነው። ያኔ ቀስ ብላችሁ ብትጠጉ፣ ጭንቅላታቸው ስር ተጠቅልሎ የሚቀመጠው ክር የመሰለ ቱቦ ተዘርግቶ ጭቃውን ሲነካካ ይታያችኋል። ጥላችሁ ብቻ እንዳያርፍባቸው! ጥላ ነካቸው ማለት በቃ፣ ብን አሉ።

በእጅ መያዝ ግን ይቅር። ጣት ላይ የሚቀረው ዱቄት መሳይ ነገር የክንፋቸው ቅርፊት ነው፤ አንዴ ከረገፈ አይተካም።